ሳንባ ነቀርሳ በምን ይሻገራል? ከሉካ አዋጅ እስከ ባልቲሞር ሙከራ

የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ከአንድ ምሽት ተነሥቶ ነው፤ ማርች 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮክ በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ፊት ቆሞ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ካስታወቀበት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ምሽት የሚገባውን ክብር ልንነፍገው አንሻም። መዛግብቱን በቅደም ተከተል ስናነብ ግን የበሽታውን ምንጭ ማወቅና የበሽታውን መሻገሪያ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንደነበሩ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛውም ሰማንያ ዓመት እንዳለፈ እንረዳለን። እዚህ የምንመረምረው ሁለተኛውን ነው፤ ይልቁንም ማስረጃው በእጅ እያለ ሰሚ ያጣባቸውን ዘመናት።

ጥንታውያኑ ምንጮች ገና ከመነሻው አይስማሙም። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች አንዱ፣ የሚጥል በሽታን ከአማልክት ቁጣ ለይቶ በዘር የሚወረስ ሕመም መሆኑን ሲያስረዳ፣ ሳንባው ከሚመነምን ወላጅ ሳንባው የሚመነምን ልጅ መወለዱን እንደ ታወቀ ምሳሌ ያነሣል። በአንጻሩ የአቴናው ኢሶክራተስ በውርስ ክርክር ለቆመ ባለጉዳይ በጻፈው ንግግር ውስጥ፣ ሰውየው ሳንባው የታመመ ወዳጁን ሲያስታምም ሌሎች ወዳጆቹ በዚህ ሕመም የተያዙትን ካስታመሙት መካከል ብዙዎች ራሳቸው መሞታቸውን እየነገሩ እንዳስጠነቀቁት እናነባለን። የትኛውን እንመን? ሁለቱም የጻፉት የእኛን ጥያቄ ለመመለስ አይደለም፤ አንዱ ስለ ሌላ በሽታ ይከራከራል፣ ሌላው የባለጉዳዩን መሥዋዕትነት አጉልቶ ርስቱን ሊያስፈርድለት ይጥራል። በእኛ ሚዛን ግን የጠበቃው ቃል ለዚህ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተናጋሪው ዳኞችን ማሳመን ስለነበረበት ዳኞቹ የማያውቁትን እንግዳ ነገር ሊጠቅስ አይችልም ነበር። የበሽታውን መተላለፍ ሕዝቡ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

የተቃርኖው ሥር ግን ከምንጮቹ ጠባይ ይልቅ ከበሽታው ጠባይ የሚመነጭ ይመስለናል። ከአንድ ጣሪያ ሥር አባት ሲያስል ከርሞ ይሞታል፤ ከዓመታት በኋላ ልጁ በዚያው መንገድ ይከተለዋል። ይህን ያየ ሰው ዘር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ መተላለፍ ነው ቢልም እንዲሁ። በሽታው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደሚለበልብ ወረርሽኝ ምንጩን ወዲያው የሚያሳይ ሳይሆን፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወራትና ዓመታት የሚደበቅ በመሆኑ፣ ምክንያትና ውጤት በዓይን አይገናኙም። የቬሮናው ሐኪም ጂሮላሞ ፍራካስቶሮ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የተላላፊ በሽታዎች መጽሐፉ ሳንባ ነቀርሳን ከተላላፊዎቹ ጋር ቢመድበውም፣ ክርክሩ ገና ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎም አልተዘጋም ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜና በአሥራ ስምንተኛው አውሮፓ በዚህ ጉዳይ በሁለት ተከፈለች። የጣሊያኗ ሉካ በ1699፣ ስፔን በ1751፣ የኔፕልስ መንግሥት በ1782 ሕመምተኛው እንዲመዘገብ፣ ከሞተ በኋላም ልብሱና የቤት ዕቃው እንዲቃጠል የሚያዝዙ ሕጎች አወጡ፤ በኔፕልስ ሕመምተኛ መኖሩን ሳያስታውቅ የቀረ ሐኪም በገንዘብ፣ ጥፋቱን ከደገመም በግዞት ይቀጣ ነበር። በሰሜኑ ግን፣ በተለይም በፓሪስና በለንደን፣ ዕውቅ ሐኪሞች ሕመሙ በተፈጥሮ ደካማ በሆነ ሰው ላይ ከውስጥ የሚበቅል እንጂ ከውጭ የሚመጣ አይደለም ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህ ልዩነት በመጻሕፍት ብቻ ታጥሮ አልቀረም። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ ፌብሯሪ 23 ቀን 1821 በሮም ሲሞት የክፍሉ ዕቃ በከተማዋ ሕግ መሠረት እንዲቃጠል ተደረገ። ሮም ሲደርስ የተቀበለው ሐኪም ጄምስ ክላርክ የሕመሙ ዋና መቀመጫ ጨጓራው ሳይሆን እንደማይቀር ጽፎ ነበር፤ የአስከሬን ምርመራው ግን ሳንባው ፈጽሞ መጥፋቱን አሳየ። በዘመኑ የተማረ ሐኪም በሕይወት ባለ ሰው ላይ ይህን በሽታ ለይቶ ማወቅ ምን ያህል ይቸግረው እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሙዚቃ ደራሲው የፍሬድሪክ ሾፓን ነው። በ1838 ክረምት ከደራሲዋ ከጆርጅ ሳንድ ጋር በስፔኗ የማዮርካ ደሴት ሳለ በሽታው ታውቆበት የተከራዩትን ቤት እንዲለቁ ተገደዱ፤ ለማጽዳቱና ለዕቃውም ካሳ ተጠየቁ፤ ከዚያ በቫልዴሞሳ ገዳም ተጠለሉ። ሳንድ በኋላ ባሳተመችው የጉዞ መጽሐፍ የደሴቲቱን ሰዎች በአላዋቂነትና በጭካኔ ትከሳቸዋለች። ይህን ምስክርነት ስንመዝን መጠንቀቅ ይገባናል። ሳንድ በልቧ የያዘችው የፓሪስ ሐኪሞችን ትምህርት ነበርና፣ የደሴቲቱ ሰዎች ከእርሷ ሐኪሞች ይልቅ ለእውነቱ የቀረቡ መሆናቸው ሊታያት አይችልም ነበር። የደሴቲቱ ሰዎችም ቢሆኑ እውነቱን ሙሉ በሙሉ አልያዙትም፤ አልጋና አንሶላ አቃጠሉ፣ ግድግዳ አስለሰኑ፤ በሽታው ግን በአልጋም በአንሶላም በግድግዳም አይሻገርም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች በየግማሻቸው ተሳስተዋል፦ ሰሜኑ መተላለፉን ካደ፣ ደቡቡ መተላለፊያውን ሳተ። የሁለቱም ስሕተት ዋጋ የተከፈለው በሕመምተኛው ነው።

በሽታውን ለይቶ በማወቅ ረገድ ትልቁ እመርታ የመጣው መተላለፉን ካላመነችው ከፓሪስ መሆኑ ለታሪክ አጥኚ ትምህርት ያዘለ ተቃርኖ ነው። ሬኔ ላኔክ በ1816 በኔከር ሆስፒታል ወረቀት ጠቅልሎ በአንዲት ወጣት ሴት ደረት ላይ በማኖር የልቧን ድምፅ አዳመጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ በማዳመጫው የሰማውን ከሞት በኋላ በአስከሬን ምርመራ ካየው ጋር አንድ በአንድ አገናኘ። በሳንባው ውስጥ የሚበቅሉት ጥቃቅን እባጮች አድገው እንደ አይብ እንደሚሆኑ፣ ያም ለስልሶ ወደ አየር ቧንቧ ፈስሶ ሲወጣ ባዶ ዋሻ እንደሚተው፣ የታማሚው ድምፅም ከዚያ ዋሻ በማዳመጫው በኩል ጎልቶ እንደሚሰማ አስረዳ። በንፍፊትና በአንጀት የሚገኙት እባጮችም የዚሁ አንድ በሽታ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው አለ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ፣ የዘመኑ ታላቅ የበሽታ አጥኚ፣ ይህን አንድነት ዘግይቶም አልተቀበለውም። ላኔክ ራሱ በ1826 በዚሁ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው አርባ አምስት ነበር።

ላኔክ በጆሮው የሰማውን ዛሬ በተሻለ ዕውቀት ልናነበው እንችላለን። በአየር የተሳበው ባክቴሪያ እስከ ሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ የሚጠብቁት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ቢውጡትም ብዙ ጊዜ ሊገድሉት ስለማይችሉ ዙሪያውን ተሰባስበው ያጥሩታል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ይህ አጥር ዕድሜ ልክ ይጸናል፤ ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች መካከል በዕድሜያቸው ውስጥ የሚታመሙት ከመቶ አምስት እስከ አሥር ያህሉ ናቸው፤ ኤችአይቪ፣ የምግብ እጥረት፣ የስኳር በሽታ ይህን ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። አጥሩ ከውስጥ ሲበሰብስና ወደ አየር ቧንቧው ሲቀደድ ግን፣ ባክቴሪያው አየር በሞላበት ዋሻ ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል፣ በሳልም ይወጣል። በንፍፊት ወይም በአከርካሪ ብቻ የተያዘ ሰው ለሌላው አያስተላልፍም፤ ሳንባው የተቦረቦረ ሰው ግን ያስተላልፋል። ላኔክ ያዳመጠው ዋሻ የመተላለፉ ዋና ምንጭ ነበር፤ እርሱ ግን በአገሩ በፈረንሳይ በሽታው ተላላፊ መስሎ አልታየውም።

መተላለፉን በሙከራ ያረጋገጠው የፈረንሳይ ጦር ሐኪም ዣን አንትዋን ቪልመን ነው። ከገጠር ጤናማ ሆነው የመጡ ወጣቶች በጦር ሰፈር ተጨናንቀው ሲኖሩ በዚህ በሽታ የሚያዙበትን ብዛት አስተውሎ ነበርና፣ በ1865 በሳንባ ነቀርሳ ከሞተ ሰው ሳንባ የወሰደውን ነገር በጥንቸል ቆዳ ሥር አስገባ፤ ከአንድ እናት የተወለደችውን ሌላዋን ጥንቸል ምንም ሳያደርግባት አቆያት። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ሳንባ በእባጭ ተሞልቶ ተገኘ፣ ሁለተኛዋ ደህና ነበረች። ውጤቱን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 5 ቀን ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አቀረበ። አካዳሚው ግን አልተቀበለውም። ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ኤርማን ፒዱ በሽታው የብዙ ምክንያቶች የጋራ ፍጻሜ እንጂ የአንድ ተላላፊ ነገር ሥራ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ተቃውሞው ከንቱ ግትርነት ነበር ብለን ልንፈርድ አይገባንም፤ ድህነትና ጠባብ መኖሪያ በሽታውን እንደሚያበዙ ፒዱና መሰሎቹ ትክክል ነበሩ። የተሳሳቱት ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ሊቆሙ እንደሚችሉ ባለማየታቸው ነው።

ኮክ በ1882 ጉባኤ ፊት ሲቆም የቪልመንን ግኝት ጠቅሶ፣ ያገኘው ማረጋገጫ የተለያየ፣ ያጋጠመውም ተቃውሞ መሠረት ያለው የሚመስል መሆኑን በቅንነት ተናገረ። የኮክ ጥንካሬ በብዙ ትዕግሥት ማስረጃን በማስረጃ ላይ በመደረቡ ነው። ባክቴሪያውን በቀለም አሳየ፤ በረጋ የደም ውኃ ላይ አሳደገው፤ ያን ያደገውን በጊኒ ፒግ ላይ አድርጎ በሽታውን አስነሣ። ፖል ኤርሊክ ቀጥሎም ሲልና ኔልሰን የቀለሙን ዘዴ አሻሻሉት፦ ባክቴሪያው በሰም መሰል ሽፋኑ ምክንያት ቀዩን ቀለም አንዴ ከያዘ በአሲድ ቢታጠብ እንኳ አይለቅም። ይህ ዘዴ በየጤና ጣቢያችን እስከ ዛሬ ሲሠራበት ኖሯል። ጉድለቱም ከጥንት ጀምሮ ያው ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ አምስት ሺህ ያህል ባክቴሪያ ካልተገኘ የማይክሮስኮፕ ዓይን ያልፈዋል፤ ሕፃናትና ኤችአይቪ ያለባቸው ታማሚዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ናቸው።

ኮክ ባክቴሪያውን ቢያገኝም መንገዱን በተመለከተ ዋነኛ ተጠያቂ ያደረገው የደረቀ አክታን ነው። ተማሪው ጌኦርግ ኮርኔት ከሕመምተኞች ክፍል በሰበሰበው አቧራ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ ማግኘቱን በ1880ዎቹ መጨረሻ አስታወቀ። የብሬስላው ካርል ፍሉገ ግን በ1890ዎቹ ሲያስሉና ሲናገሩ ከአፍ የሚወጡትን ትልልቅና ደቃቅ የምራቅ ጠብታዎች ተጠያቂ አደረገ። የሕዝብ ጤና ሹማምንት ሊተገበር የሚችለውን መረጡ፦ ኒው ዮርክ በኸርማን ቢግስ መሪነት አክታን በነፃ መርማሪ፣ ሐኪሞችም ሕመምተኛውን እንዲያስመዘግቡ አስገዳጅ፣ መንገድ ላይ መትፋትን ከልካይ ሆነች። በ1910 ደግሞ የፕሮቪደንሱ ቻርልስ ቼፒን ባሳተመው ተሰሚ መጽሐፍ፣ በሽታዎች በአየር ይጓዛሉ የሚለውን እምነት ከጥንቱ የክፉ አየር ትምህርት ጋር ቆጥሮ ገሸሽ አደረገው። እዚህ ላይ የተከታዮቹን አነጋገር ከመምህሩ መለየት ግዴታችን ነው፤ ቼፒን ራሱ ከተለመዱት በሽታዎች ሁሉ በአየር ለመተላለፍ የሚቀርበው ሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ጽፎ ነበር። ተከታዮቹ ደንቡን ይዘው የተለየውን ጣሉ።

በዚሁ ዘመን ሌላ ክርክር ተነሣ፤ እርሱም ለአገራችን ቅርብ ነው። ኮክ በ1901 በለንደን ጉባኤ የከብት ነቀርሳ ለሰው የሚያሰጋ እንዳልሆነ ሲናገር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም በ1911 ባወጣው የመጨረሻ ዘገባ የከብቱ በሽታ በተለይ በወተት አማካይነት ሕፃናትን እንደሚይዝ አረጋግጦ የኮክን ቃል ሻረ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ብዙ ከብት ያላት አገር ስትሆን ሕዝቧም ጥሬ ወተት ይጠጣል፤ የንፍፊት ነቀርሳም በአገሪቱ ከወትሮው በልጦ ይታያል። ስለሆነም የንፍፊቱ ምክንያት ከብቱ ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ነበር። በቅርቡ ከንፍፊት ታማሚዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ በዘረ መል የተደረጉት ምርመራዎች ግን የከብቱን ባክቴሪያ ያገኙት እጅግ በጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ የሚበዙት ከሰው ወደ ሰው በሚሻገረው የተያዙ ናቸው። ከዚሁ ምርምር በ2013 በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይ በወልድያ አካባቢ፣ ከዚያ በፊት የማይታወቅ የባክቴሪያው ሰባተኛ የዘር ሐረግ ይፋ ሆነ። ይህ ሁሉ ጥሬ ወተትን ከጥርጣሬ ነፃ አያወጣውም፤ ማፍላቱ ለሌሎች በሽታዎችም ሲባል ያስፈልጋል። ነገር ግን በኢትዮጵያ የበሽታውን መንገድ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከበረቱ ይልቅ ወደ ሰው መኖሪያ ክፍል እንዲያዞር ያስገድደዋል።

የመኖሪያ ክፍሉን አየር ነገር የፈታው ተመራማሪው ዊልያም ፈርዝ ዌልስ ነው። በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአፍ የሚወጡት ትላልቅ ጠብታዎች ወዲያው ወደ ምድር ሲወድቁ ደቃቆቹ ግን ሳይወድቁ ውኃቸው ተንኖ እንደሚያልቅ፣ የሚቀረውም ደረቅ ቅንጣት ለሰዓታት በአየር ላይ ሊንሳፈፍ እንደሚችል አሰላ። የቅንጣቱ ታናሽነት ነው ጉዳቱ፤ የኮርኔት አቧራና የፍሉገ ትልልቅ ጠብታ በአፍንጫና በጉሮሮ ሲያዙ፣ ይህ ግን እስከ አየር ከረጢቶቹ ይደርሳል። ያመነው ሰው ጥቂት ነበር። ተማሪው ሪቻርድ ራይሊ ከእርሱ ጋር ሆኖ ከ1956 ጀምሮ በባልቲሞር የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ማስረጃውን አደራጀ፦ ስድስት ታማሚዎች ከተኙበት ክፍል የሚወጣው አየር በቧንቧ ተስቦ ከላይ ወደተቀመጡት ጊኒ ፒጎች ብቻ እንዲሄድ ተደረገ። እንስሳቱ ከታማሚዎቹ ጋር የሚጋሩት አየር ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 71 ጊኒ ፒጎች ተያዙ፤ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በተገኙባቸው ጊዜም ከየትኛው ታማሚ እንደመጡ መለየት ተቻለ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከአየሩ ግማሹ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚያ አየር ከተነፈሱት አንድም አልተያዘም። ይህ በ1962 ታተመ። ክርክሩም በእኛ ፍርድ በዚያ ተዘጋ።

ከባልቲሞር ውጤቶች አንዱ ከሚገባው በታች ይጠቀሳል፤ የሚያስተላልፉት ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ ነበሩ፣ መድኃኒት የጀመሩትም ብዙም ሳይቆዩ ማስተላለፋቸው ይቀንስ ነበር። በዚያው ዘመን በሕንዷ ማድራስ ከተማ የተደረገውና በ1959 የወጣው ጥናት ይህን በሌላ በኩል ያጸናዋል፤ 193 ታማሚዎችን ከፍሎ ግማሾቹን በሳናቶሪየም፣ ግማሾቹን በድሃ ቤታቸው በመድኃኒት ሲያክም፣ በቤት የታከሙት ሰዎች ቤተሰቦች ከሌሎቹ በልጠው እንዳልተያዙ አሳየ። አደገኛው ጊዜ በአብዛኛው በሽታው ከመታወቁ በፊት ያለው ነው። ለዚህም ነው የምርመራው ታሪክ ከመተላለፉ ታሪክ የማይነጠለው። በ1907 ፒርኬ፣ በ1908 ማንቱ የተባሉ ሐኪሞች፣ ለመድኃኒትነት በ1890 ቀርቦ የከሸፈውን የኮክን ቱበርኩሊን ወደ ቆዳ ምርመራ ለወጡት፤ ይህ ግን ባክቴሪያው መግባቱን እንጂ መታመምን አይነግርም። ራጅ ቁስሉን ያሳያል፣ ማን እንዳቆሰለው አይነግርም። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ እርግጠኛ ነው፤ እርሱ ግን የሚራባው በቀን አንዴ ያህል ስለሆነ ሳምንታት ያስጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2010 ያጸደቀው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የባክቴሪያውን ዘረ መልና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለያል፤ ከኮክ ወዲህ እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከነዚህ መዛግብት በኋላ በአገራችን ቤቶች የምናየውን ልማድ ስናስብ የማዮርካ ሰዎች ይታወሱናል። ለሚያስለው ሰው ሳሕንና ብርጭቆ ይለያል፤ ብርድ እንዳይመታው ደግሞ መስኮቱ ይዘጋበታል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛውን ያሳፍራል እንጂ ማንንም አይጠብቅም፤ ሁለተኛው ቤተሰቡን ለዚያ አየር ያጋልጣል። ሳሕኑ ይጋራ፣ መስኮቱ ይከፈት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት፣ የሚከሳ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚያወጣ ሰው በአቅራቢያው ወዳለ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄዶ አክታውን ይስጥ፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።